ከመርካቶ ወደ ናይሮቢ፦ ጓዛችንን ስንመዝን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መርካቶን እንደ እንግዳ ዞርኳት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ስኖር፣ መርካቶ ለእኔ መተላለፊያ እንጂ የምትታይ ቦታ አልነበረችም። ዘንቢሌን ይዤ እገባለሁ፤ ተከራክሬ፣ ገዝቼ፣ ቦርሳዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ እወጣለሁ። ቀና ብዬ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። ያን ዕለት ግን ጉዳይ ነበረኝ። ባለቤቴ «ልጆቹን ይዘን ናይሮቢ እንግባ» ካለኝ ስድስት ወር አልፎታል፤ መልስ እሰጥሃለሁ ያልኩት ቀንም ደርሷል። ሰው የሚለቀውን ቤት ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት አንዴ ዞሮ ያየዋል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ።

ሰዓቱ ገና ሦስት አልሞላም። ተሸካሚዎቹ የእነሱን ሦስት እጥፍ የሚሆን ጭነት አዝለው «ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ ሕዝቡን ይሰነጥቁታል። በአንድ ወገን የአንዋር መስጊድ፣ በሌላው ወገን ራጉኤል ይታያሉ፤ መርካቶ ውስጥ መንገድ የጠፋበት ሰው አቅጣጫውን የሚያገኘው በሁለቱ ነው። የተራዎቹ ስም ለብቻው አንድ ታሪክ ይሆናል፤ ሸማ ተራ፣ ሚሊቴሪ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ሲዳሞ ተራ፣ ጎጃም በረንዳ። ምን አለሽ ተራ ስደርስ እንደ ልማዴ በፍጥነት አላለፍኩም። እዚያ የተጣለ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ አለው። የዘይት ቆርቆሮው ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። አንድ ሽማግሌ የተጣመመ ሚስማር አንድ በአንድ እየቀጠቀጡ ያቃናሉ። «ይሄ ሁሉ ይሸጣል አባባ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እዚህ የማይሸጠው ሰው ብቻ ነው» አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

የባለቤቴ ሱቅ ሚሊቴሪ ተራ ነው። የልጆች ልብስ ይሸጣል። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ደንበኛ አንድ ላይ ከገባ እሱ ውጭ መቆም አለበት። ግን ሁለት ልጆች ያስተማረችው፣ እናቱን የምታሳክመው እሷ ናት። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የአስተማሪ ደመወዝ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ አንባቢ ያውቃል።

የእሳቱ ሌሊት

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ማታ ነው። ሸማ ተራ ላይ እሳት መነሳቱ ሲሰማ ባለቤቴ እራት ላይ ነበር። የቆረሰውን እንጀራ ሳይጎርስ ሮጠ። በዚያ ምሽት የመርካቶን ሰማይ ያየ ሰው አይረሳውም። መንገዱ ጠባብ፣ ሱቁ የተጠጋጋ፣ ዕቃው ጨርቅና ፕላስቲክ በመሆኑ የእሳት አደጋ መኪኖች ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ብዙ ተቸግረዋል። የስንት ሰው የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። እሳቱ የእኛ ሱቅ ጋ አልደረሰም። ባለቤቴ ግን እስኪነጋ ድረስ ከጎረቤቶቹ ጋር ዕቃ ሲያወጣ፣ የሌላውንም ሲያሸሽ አደረ። ጠዋት ፊቱ ጠቁሮ ገባና በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ነገር አንድ ክብሪት ነው ለካ» አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም።

ከዚያ በፊትም የተጠራቀመ ነገር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባለቤቴ የሚሸጠው ልብስ ከቻይናና ከቱርክ የሚመጣ ነው። የሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሶ አልገዛ አለው። ደንበኛው ደግሞ ዋጋ ይጠይቅና ልጁን እጁን ይዞ ይወጣል። በደረሰኝ ጉዳይ መርካቶ የታመሰችበት ሰሞንም ነበር። መንገድ ሲሰፋ፣ ሰፈር ሲፈርስ ደግሞ «ቀጣዩ ተራ የማን ነው?» የሚለው ወሬ ከቡና ጋር ይጠጣል። እነዚህ አንድ በአንድ ሲመጡ ይቻላሉ። አንድ ላይ ሲመጡ ግን ሰው ዓይኑን ወደ ውጭ ይወረውራል።

ናይሮቢ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር የባለቤቴ የአክስት ልጅ ሱቅ አለው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በስልክ ባወሩ ቁጥር «እዚህ ና፤ ሥራ አለ፤ ዝም ብለህ አትቃጠል» ይለዋል። ከእሳቱ በኋላ ባለቤቴ ይህን ቃል በሌላ ጆሮ መስማት ጀመረ።

የሄዱ ሰዎች ገበያ

እኔ በመጀመሪያ የመለስኩት «አገር ጥሎ መሄድ ይከብዳል» የሚል ነበር። እሱ ሳቀ። «መርካቶ ውስጥ አገሩን ጥሎ ያልመጣ ማን አለ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ገበያዋ ራሷ ተፈናቅላ ነው እዚህ የመጣችው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ነው ገበያውን ለአገሬው ሰው ብሎ ወደ ምዕራብ የገፋው። ስሟም የቀረው በጣሊያንኛ ነው፤ «መርካቶ» ገበያ ማለት ነው። ተገፍታ የመጣችው ገበያ ከአፍሪካ ትልልቅ ክፍት ገበያዎች አንዷ ሆነች። የሞሏትም ከየአገሩ የተነሱ ሰዎች ናቸው። ጉራጌው ከቸሃና ከሶዶ፣ ዶርዜው ከጋሞ ደጋ፣ ዐረቡ ከየመን ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አንድ በረንዳ ላይ ተገናኙ።

አማቴም ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1950ዎቹ ከቸሃ ወጥተው መጀመሪያ ጫማ ጠረጉ። ቀጥለው በትሪ ሱቅ ማስቲካና ሲጋራ ሸጡ። ከዚያ በረንዳ፣ ከዚያ ሱቅ። ዛሬ የምንኖርበትን ቤት ከአንድ ባለ ቤት ተከራይተው ሲገቡ ሁለት ክፍል ነበር። ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ዓ.ም. ሲወጣ ቤቱ የቀበሌ ሆነ፤ እሳቸውም ተከራይነታቸው ቀጠለ። እኛም እስካሁን ያለነው በዚያው የኪራይ ደብተር ነው። ይህን ለምን አነሳሁት? ለመሄድ ስናስብ መጀመሪያ የወደቀብን ጥያቄ እሱ ስለሆነ ነው። የቀበሌ ቤት የያዘው ሰው ካልኖረበት የእኔ ነው ብሎ የሚከራከርበት የባለቤትነት ካርታ የለውም፤ ለሌላ ማከራየትም አይፈቀድም። ከሄድን ተመልሰን የምንገባበት በር አይኖርም። የሱቁም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስምንት ቀን በናይሮቢ

ሳያዩ መፍረድ አይገባምና የካቲት መጨረሻ ላይ ለስምንት ቀን ሄድን። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ቀሩ። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከመርካቶ ቦሌ ለመድረስ ከፈጀብን ጊዜ ብዙም አይበልጥም። በየብስ ቢሆን በሻሸመኔ፣ በዲላ፣ በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ ለመግባት ደግሞ ያንኑ ያህል ይቀራል። ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን ለጉብኝት ያለ ቪዛ የሚተላለፉበት ስምምነት ከቆየ ብዙ ዓመቱ ነው። ሞያሌ ላይም ሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያቸውን በኅዳር 2013 ዓ.ም. መርቀው ከፍተዋል።

ናይሮቢ ስገባ የፈራሁትን ያህል ባዕድ አልሆነችብኝም። እንደ አዲስ አበባ ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ማታ ሹራብ ያስለብሳል። መሀል ከተማው ውስጥ በኃይለ ሥላሴ ስም የተሰየመ ሰፊ ጎዳና አለ። ከሁሉ የገረመኝ ሰዓታቸው ነው። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሚለውን እነሱም አንድ ሰዓት ይሉታል። ገበያን «ሶኮ» ይሉታል፤ የእኛ «ሱቅ» የወጣበት የዐረብኛ ቃል ነው እዚያም የደረሰው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «አየሽ፣ ግማሹን ቋንቋ ችለናል» አለ። እሱ ነገር ሲፈልግ ማስረጃ አያጣም።

ኢስሊ የመርካቶ ታናሽ እህት ናት ቢባል አልተጋነነም። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ነጋዴዎች ናቸው ያሳደጓት። ጋሪሳ ሎጅ የሚባል ማረፊያ ቤት ነበር፤ ስደተኞቹ በየመኝታ ክፍላቸው ዕቃ ደርድረው ቀን ይሸጡ፣ ማታ ይተኙበት ነበር። ቆይቶ ክፍሎቹ ሱቅ ሆኑ፤ ቤቱም የኢስሊ የመጀመሪያው የገበያ ማዕከል ሆነ። ዛሬ በዙሪያው ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርቧል። ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስዋሂሊ፣ አማርኛ በአንድ ደረጃ ላይ ይሰማል። የቡና ሽታ ተከትለን ገብተን እንጀራ በላን። የአክስቱ ልጅ ሱቅ ከእኛ ሱቅ ብዙም አትሰፋም። ግን ዕቃዋ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው በሞባይል ገንዘብ እየከፈለ ይወጣል። እኛ ከጥቂት ዓመት ወዲህ የለመድነውን ይህን አከፋፈል እነሱ ከጀመሩት ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ባለቤቴ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ሲያይ ዓይኑ ሲበራ አየሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ከእሳቱ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር።

ማታ ወንዶቹ ስለ ዋጋና ስለ ሞምባሳ ወደብ ሲያወሩ እኔ ከዘመዳችን ሚስት ጋር ወጥ ቤት ገባሁ። ሽንኩርት እየከተፍን «እውነቱን ንገሪኝ፤ እህትሽ ብሆን ነይ ትይኛለሽ?» አልኳት። ወዲያው አልመለሰችም። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ የላስቲክ ቦርሳ አሳየችኝ። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የውጭ ዜጋ መታወቂያ፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ ሁሉም በሁለት በሁለት ኮፒ። «ስወጣ ከስልኬ በፊት የማነሳው እሱን ነው» አለችኝ። በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ መንግሥት ኢስሊን ባሰሰበት ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በብዛት ሶማሌዎች፣ ተይዘው ካሳራኒ ስታዲየም ገብተው ነበር። እሷ ያኔ አልነበረችም፤ ግን ሰፈሩ ወሬውን ይዞ ይኖራል። «ኑሮው ጥሩ ነው። ሰዎቹም ክፉ አይደሉም። ግን ወረቀትሽን ይዘሽ ነው የምትስቂው» አለችኝ። ይህች ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ያለ ቪዛ መግባትና እዚያ ሠርቶ መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና ልብ ይሏል። በጉብኝት የገባ ሰው ሱቅ መክፈትም ሆነ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድለትም። የኬንያ የኢሚግሬሽን ሕግ ለውጭ ነጋዴ የሚሰጠው ፈቃድ ምድብ «ጂ» ይባላል። ይህን የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ካፒታል እንዳለው ማሳየት አለበት። ዶላር ከ100 ብር በላይ በሆነበት ዘመን ይህ ከአሥር ሚሊዮን ብር ይበልጣል። ሱቃችንን ከነዕቃው፣ የእኔን የአንገት ወርቅ ጨምረን ብንሸጠው ሩቡንም አይሞላም። ብሩ ቢገኝ እንኳ ዶላር አድርጎ በሕጋዊ መንገድ ማውጣቱ ሌላ ዳገት ነው። ተቀጥሮ ለመሥራት ደግሞ ቀጣሪው ነው ፈቃድ የሚያወጣው፤ ያን ሥራ የሚሠራ የአገሩ ሰው አለመገኘቱንም ማስረዳት አለበት። ሚስትና ልጅ የሚገቡት በባልየው ፈቃድ ጥገኛ ሆነው ነው። ጥገኛ ሆኖ የገባ ሰው ደግሞ ለራሱ ሌላ ፈቃድ ካላወጣ በቀር አይሠራም። ለእኔ ይህ ማለት ጠመኔዬን አስቀምጬ ቤት መዋል ነው።

የአክስቱ ልጅ ያቀረበው መንገድ «በእኔ ፈቃድ ሥር ሁን» የሚል ነው። ልባዊ ነው፤ አልጠራጠርም። ግን ሥራው ሁሉ በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ ነገ በሁለቱ መካከል ቅር መሰኘት ቢመጣ ባለቤቴ እጁን አጣፍቶ የሚወጣ ሰው ነው። ዘመድም ዘመድ ሆኖ የሚቆየው ሒሳቡ ለየብቻ ሲሆን ነው።

ግብሩንም ጠየቅን። ባለቤቴ ከደረሰኝ ጣጣ እገላገላለሁ ብሎ ነበር። እዚያ ተጨማሪ እሴት ታክስ 16 በመቶ ነው፤ የእኛ 15 ነው። ደረሰኙም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲቆረጥ ግዴታ ሆኗል። ይህን ሲሰማ «ከደረሰኝ ሸሽቼ ደረሰኝ ቤት ገባሁ በለኛ!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። የኑሮ ውድነቱም እዚያ አልቀረም። ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. የኬንያ ወጣቶች አዲስ የግብር ሕግ ተቃውመው ፓርላማ ድረስ እንደገቡ በዜና ያላየ የለም። ጎረቤት አገር ከሩቅ ሲታይ ሁልጊዜ ለምለም ነው።

የልጆቹ ነገር ደግሞ አለ። የኬንያ ትምህርት ቤት የሚከፈተው በፈረንጆች ጥር ነው፤ የእኛ በመስከረም። ትልቋ ልጃችን ሰባተኛ ክፍል ናት። በሚቀጥለው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች። ሰኔ ላይ ጨርሳ ብትሄድ ግማሽ ዓመት ትቀመጣለች። ስዋሂሊ ደግሞ እዚያ ተማሪው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚማረው ትምህርት ነው። ታናሹ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ በስድስት ወር ይለምዳል። እሷ ግን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከክፍሉ አንደኛ ከመሆን ከክፍሉ ዲዳ ወደ መሆን ትሄዳለች። አስተማሪ ስለሆንኩ ይህ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ስንጠይቃት «ናይሮቢ ሄጄ ዶርም ብገባ ደስ ይለኛል» አለች። ለሊት ግን ለአያቷ «እማማ፣ አንቺም ትመጫለሽ አይደል?» ስትል ሰማኋት።

የተመለሱት ምን አሉ?

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ሲዳሞ ተራ አካባቢ አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ነጻነቷን ስታውጅ ጁባ ሄደው ምግብ ቤት ከከፈቱት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ሁለት ዓመት ጥሩ ሠሩ። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ በእጃቸው የያዙት አንድ ቦርሳ ነበር። «ጋሼ፣ ይቆጭዎታል?» አልኳቸው። «መሄዴ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ እዚህ ያለችኝን ሱቅ ሸጬ መሄዴ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። የብብትሽን ሳትጥይ ከቻልሽ ቆጡን እይው» አሉኝ።

ከእሳቸው ወረድ ብሎ ሻይ የምታፈላ እህት አለች። ካርቱም ሰባት ዓመት ሻይ ሸጣለች። የሱዳን ጦርነት የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ የእኛ የፋሲካ ዋዜማ። «ዶሮ ገዝቼ ነበር» ትላለች። ዶሮዋን ጥላ፣ ብዙ ቀን ተጉዛ፣ በመተማ ገባች። እሷ ቆጥባ የላከችው ገንዘብ ግን እናቷ ጋ ቤት ሆኖ ጠበቃት። «እዚያ ያስቀመጥኩት ቀረ፤ እዚህ የላክሁት ቆየኝ» አለችኝና ሻይዬን ቀዳች። ናይሮቢ ጁባ አይደለችም፤ ካርቱምም አይደለችም። የሁለቱ ሰዎች ምክር ግን ለየትኛውም አገር ይሠራል፤ መሄጃውን ያሰበ ሰው መመለሻውንም ያስባል።

ከዚያ ሚሊቴሪ ተራ ደረስኩ። ባለቤቴ ከአጠገቡ ካሉት ነጋዴ ጋር ቆሞ ያወራል። እኚህ ሰው የእቁቡ ዋሳችን ናቸው። መርካቶ የምትሠራው በእቁብ ነው። ባለቤቴ ከእሳቱ በኋላ ዕጣው ወጥቶለት ዕቃ ሞልቶበታል። የሚቀረው ሠላሳ አንድ ሳምንት ነው። ብንሄድ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፋዩ እኚህ ዋስ ናቸው። ማንም አላስገደዳቸውም፤ አንድ ፊርማ የፈረሙት በሃያ ዓመት ጉርብትና ተማምነው ነው። ይህ ዕዳ በየትኛውም የኢሚግሬሽን ቅጽ ላይ አይጻፍም፤ እኛ ግን እናውቀዋለን።

አራት መስቀል

ማታ እራት ላይ ባለቤቴ የመጨረሻውን ሐሳብ አመጣ። «እንግዲያው እኔ ብቻዬን ልቅደም። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቼ መሠረቱን ልጣልና ከዚያ ኑ።» ስሰጋበት የነበረው እሱ ነው። ወረቀቱ ለአንድ ሰው ይቀላል፤ ወጪው ያንሳል፤ በሒሳብ ከተሄደ ልክ ነው። የምመልሰው አጣሁ።

የመለሱለት እናቱ ናቸው። ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ጆሯቸው ይደክማል ብለን ነበር ጮክ ብለን የምናወራው። ጉርሻቸውን ዋጡና «አባትህም እንዲህ ብሎ ነው የመጣው» አሉ።

«እኮ እማዬ፣ እሱ ቀድሞ መጣ፤ ከዚያ አንቺን አመጣሽ። ተሳካ አይደል?»

«ተሳካ። አራት ዓመት ፈጀበት። በዓመት አንዴ ለመስቀል ይመጣል፤ ክትፎ እንበላለን፤ አምስተኛው ቀን ላይ ይሄዳል። አራት ዓመት ማለት አራት መስቀል ነው። ታላቅ እህትህ በሁለተኛው መስቀል ስታየው እንግዳ መጣ ብላ ጉያዬ ውስጥ ተደበቀች። እሱ ይህን እስኪሞት አልረሳውም። ቸሃ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ናይሮቢስ?»

ማንም አልተናገረም። ልጄ ጽዋ ልታነሳ ተነሳች። አማቴ ቀጠሉ። «እኔ ቅሩ አላልኩም። ሰው ካልሄደ አያገኝም፤ እኛም ሄደን ነው ያገኘነው። ግን የምትሄዱ ከሆነ አንድ ላይ ሂዱ። የምትቀሩ ከሆነም ሳትነጫነጩ ቅሩ። ግማሽ አካል እዚህ፣ ግማሽ እዚያ ሆኖ ቤት አይባልም። የእኔን ነገር ተዉት፤ እድሬ ይቀብረኛል።»

የመጨረሻዋን ነገር ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር። ባለቤቴ ግን ተነሥቶ ወጣ። በረንዳ ላይ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ስድስት ወር የጠበቀው መልስ ነው። እንዲህ አልኩት። ሠላሳ አንዱ ሳምንት ይለቅ። ልጃችን ስምንተኛን ትፈተን። እስከዚያ አንተ ከአክስትህ ልጅ ጋር ዕቃ ለማየት እየሄድክ ተመለስ፤ ገበያውን እንደ ነጋዴ እወቀው። እኔ ስዋሂሊውንም፣ የሥራ ፈቃዱንም ነገር አጣራለሁ፤ አስተማሪ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ካለ በእኔ ስም የሚወጣ ወረቀት ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ በራሳችን ስም የምንገባበት በር ካለ፣ አራታችንም እንሄዳለን፤ እማዬ ከፈቀዱ አምስታችንም። ከሌለ፣ እዚህ ሱቁን ከእሳት የምናድንበትን ነገር እናስብ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን እናስቀይር፣ ኢንሹራንስ እንጠይቅ። እስከ ዛሬ እሱን እንኳ አልሞከርንም።

«ኢንሹራንስ» አለና ሳቀ። «ናይሮቢ ድረስ ሄደን ያገኘነው ምክር ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው» አልኩት።

አንባቢዬ፣ የእኛ ሒሳብ የእናንተ ሒሳብ ላይሆን ይችላል። ቆርጦ ሄዶ የተሳካለት ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ቀርቶ የተቃጠለም አለ። ግን እንደ እኛ ማታ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ «እንሂድ፣ እንቅር» የምትባባሉ ከሆነ፣ ከደመወዝና ከትርፍ ሌላ የሚመዘን ነገር እንዳለ አትርሱ። ፈቃዱ በማን ስም ነው? ስትመለሱ የምትገቡበት በር የቱ ነው? ዋስ የሆነላችሁ ማን ነው? ልጆቹ በስንት ዓመታቸው ቋንቋ ይቀይራሉ? ለመስቀል፣ ለፋሲካ ወይም ለዒድ ስንት ጊዜ ትገናኛላችሁ? እነዚህን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አያትም ልጅም ባለበት ማንበብ ነው።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ እንደ ልማዱ በጠዋት ተነሥቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ደወለልኝ። ከጀርባው «ጀርባ! ጀርባ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። «ያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወንድምሽ ስልኩ አለሽ?» አለኝ። ቁጥሩን ላክሁለት።